ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ፊደል እየቆጠርን

አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ሊገባ የደረሰ ልጅ ይዤ በእግር ልውጣ ብል የምመርጠው መንገድ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎ አልፎ ስድስት ኪሎ የሚደርሰውን ነው። ስሙ ራሱ ያስቆጥራል። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቀልጠፍ ያለ ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እኛ በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን የጨረስነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኛ ማለት እኔ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄና ከደሴ የመጣችው እናቴ ነን።

መንገዱን የመረጥኩት ለስሙ ብቻ አይደለም። በአገራችን ፊደል ከሚታተምባቸው፣ ከሚቀመጥባቸውና ከሚመረመርባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የተሰለፉት እዚሁ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር አለ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። ለልጅ ይህ ሁሉ ስም ምኑም አይደለም። ለእሷ መንገዱ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ረጅም ግድግዳ ነው። እኔም የፈለግሁት ያንን ነበር።

ልጄ በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። አፀደ ሕፃናት ሦስት ዓመት ቆይታለች። የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ታወርደዋለች፣ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትም ታነባለች። ሀሁንም ቢሆን በዜማ እስከ መጨረሻው ትወጣዋለች። ከመሐል አንዱን ነጥላችሁ "ይሄ ማነው?" ብትሏት ግን ዝም ትላለች፤ ወይም ከሀ ጀምራ በሹክሹክታ እየዘመረች እስክትደርስበት ድረስ መጠበቅ አለባችሁ። በእኛ ሰፈር ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ከጎረቤት ወላጆች ጋር ስናወራ ሁላችንም ቤት ያለው ወሬ አንድ ነው።

እናቴ የመጣችው ለዓይኗ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ጋርዷቸዋል፤ የአንደኛው ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከዚያ ቅዳሜ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። ዕድሜ ልኳን ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምትደግም ሴት ናት። አሁን መጽሐፉን ትገልጠዋለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ ታስኬዳለች፣ ቃሉን ግን ከጭንቅላቷ ነው የምታወጣው። ዓይኗ ከዳራ የሚለየው ትልቅ ነገር ብቻ ነው፤ ሕንፃ፣ መኪና፣ ሰው።

ስለዚህ አንዷ ፊደሉን ታያለች፣ አታውቀውም። ሌላዋ ታውቀዋለች፣ አታየውም።

አራት ኪሎ

ከታክሲ ወርደን በሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ዙሪያ ጥቂት ቆምን። እናቴ ድሮ የምታውቀውን አራት ኪሎ ስትፈልግ አጣችው፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ አሮጌዎቹ ሱቆች የሉም። "ያ ምንድነው የተጻፈው?" አለች ወደ አንድ ሰሌዳ በከዘራዋ እየጠቆመች። ሰሌዳ መሆኑን ብቻ ነው የለየችው።

"አላውቅም እማማ" አለች ልጄ።

"አብሽሪ፣ የኔ ዓለም። ምን ይመስላል? እሱን ንገሪኝ።"

ልጄ ፊቷን ኮሶ አስመስላ ቃላት ፈለገች። "ሁለት እግር አለው። ግን አንዱ እግሩ አጭር ነው።"

"የትኛው? የቀኙ ነው የግራው?"

ቀኝና ግራ ለመለየት የምትበላበትን እጅ አስታወስናት። "የግራው!"

"ጭንቅላቱስ? ጠፍጣፋ ነው?"

"ጠፍጣፋ።"

"እንግዲያ ባ ነው" አለች እናቴ፣ አንድም ጊዜ ቀና ሳትል።

ከዚያ በኋላ የሄድነው በዚህ መንገድ ነው። ልጅቱ ቅርጹን ታወራለች፣ አያቷ ስሙን ትሰጣለች። እኔ መሐላቸው ከመግባት በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ ለመግባትም አልፈለግሁም።

ይህ ጨዋታ ምን እየሠራ እንደሆነ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ልጅ ሀሁን በዜማ ሲያወርድ ጆሮው ነው የሚሠራው። ቅርጹን በቃል እንዲያስረዳ ሲገደድ ግን ዓይኑ ይነቃል፤ የትኛው እግር አጠረ፣ ቅጥያው ከወገብ ነው ከእግር፣ ቀለበት አለው የለውም? የእኛ ፊደል ምሥጢሩ ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ቁጥሩን የሰማ ወላጅ ይደነግጣል፣ "እንግሊዝኛው 26 ብቻ ነው" ይላል። ግን 231ዱን አንድ በአንድ የሚሸመድድ የለም። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ከወገቡ ቅጥያ ያወጣል፤ ቡ፣ ሉ፣ ሱ። ሣልሱ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርደዋል፤ ቢ፣ ሊ፣ ሲ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ቤ፣ ሌ፣ ሴ። ራብዑ በግራ እግሩ ያነክሳል፤ ባ፣ ላ፣ ሳ። ይህን ያየ ልጅ ገና ያልተማረውን ፊደል ሳይቀር ገምቶ ያነባል።

ፈተናው ባ እና ቦ ላይ ነው። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ያነክሳል፤ በመስታወት እንደሚተያዩ መንትዮች ናቸው። ካ እና ኮም፣ ሳ እና ሶም እንዲሁ። ልጃችሁ እነዚህን ቢያምታታ አትደንግጡ፤ ቀኝና ግራው ገና ያልጸና ልጅ የሚያደርገው ነው። ከጫማ ማድረግ ጋር አብሮ ይስተካከላል።

ሳድስ ግን ሕግ አያውቅም። ብ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚታጠፈው። በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስናልፍ ልጄ የመጀመሪያውን ቃል አምስት ፊደሎች እየገለጸች እናቴን ላብ በላብ አደረገቻት። ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቀውን ነገር ያን ጊዜ አስተዋልኩ፤ "ትምህርት" የሚለው ቃል አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የሚከብድ ቃል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቦርሳቸው፣ ደብተራቸው፣ የትምህርት ቤታቸው በር ላይ የምንጽፍላቸው ግን እሱን ነው።

ቀላሉ ቃል ጥቂት እልፍ ሲሉ ይገኛል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ሲሆን ጋዜጣውም፣ መማሪያ መጽሐፉም፣ ነጋሪት ጋዜጣውም ከዚያ ሲወጣ ኖሯል። የስሙ የመጨረሻ ቃል "ሰላም" ነው። ሦስት ፊደል፤ ሰ-ላ-ም። እናቴ በከዘራዋ አስፋልቱን እየመታች አስጨበጨበቻት፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምት። ልጄ በራሷ "ማ-ን-ጎ" አለች፣ ሦስት። "አ-ያ-ት"፣ ሦስት። ከዚያ የራሷን ስም፣ ከዚያ የጎረቤቱን ውሻ ስም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የንባብ ዝግጅት ስንል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን እርሳስና ደብተር ነው። ከእርሳሱ በፊት ግን ጆሮ አለ። ልጅ ቃል የሚባለው ነገር ተቆራርሶ የሚገጣጠም መሆኑን መጀመሪያ በጆሮው መስማት አለበት። በዚህ ረገድ የአማርኛ ጽሕፈት ደግ ነው። እንግሊዝኛው የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው፤ ልጁ ሁለቱንም መያዝ አለበት። የእኛ ግን ስሙም ድምፁም አንድ ነው። "ሰ" ስሙ ሰ ነው፣ ሲነበብም ሰ ነው። ሦስት ፊደል ያወቀ ልጅ በዚያው ቀን አንድ ቃል ማንበብ ይችላል። እርግጥ ጽሕፈታችን የሚደብቀው ነገርም አለ። መጥበቅና መላላቱን አይጽፈውም፤ "አለ" ብላችሁ ጻፉና ተናገረ ይሁን ወይስ ይገኛል፣ ከፊደሉ መለየት አይቻልም። ይህን ግን ልጆች ከወሬው ፈሰስ ራሳቸው ያገኙታል፤ ብዙ የተወራለት ልጅ ቶሎ ያገኘዋል።

ከማተሚያ ቤቱ ወጣ ብሎ አንድ መጽሐፍ አዟሪ ተቀምጦ ነበር። ከልብ ወለዱና ከፈተና መለማመጃው ሥር የፊደል ገበታ ነበረው፤ አንድ ገዛን። እናቴ በጣቷ ወረቀቱን ዳሰሰችና "የተስፋ ገብረ ሥላሴ ነው?" አለች። የእሷ ትውልድ ገበታ የሚያውቀው በዚያ ስም ነው፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደልን በየሰዉ እጅ ያስገቡ አሳታሚ ነበሩ። እሳቸው ያሳተሙት አልነበረም፤ ባለ ሥዕሉ አዲሱ ዓይነት ነው። ስለ ባለ ሥዕል ገበታዎች አንድ ነገር ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት አንብቧቸው። ሥዕሉ ከፊደሉ የማይገጥም፣ ሸ ካለበት ቤት ሰ የተደገመበት አይቻለሁ።

አብርሆት

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ተመርቆ የተከፈተ ነው፤ ያለውም አራት ኪሎ ከፓርላማው አካባቢ ነው። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ፣ ቦርሳችሁንም አቅልሉ። የልጆች ማንበቢያ ስላለው ለእንዲህ ያለው ጉዞ ጥሩ ማረፊያ ይሆናል፤ ለሰባ ዓመት ጉልበትም ጭምር።

እናቴ እንዲህ ያለ ብዙ መጽሐፍ ያለበት ቤት ገብታ አታውቅም። "ሁሉም መጽሐፍ ነው?" አለች፤ የምታየው የቀለም ረድፍ ብቻ ነው። ልጄ እጇን ይዛ መደርደሪያውን አስዳሰሰቻት። አንድ የአማርኛ ተረት መርጣ አመጣች፣ እኔ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ "ድገሚው" አለች። ደገምኩት። "ድገሚው።" በሦስተኛው ዙር ገጹን ከእኔ ቀድማ ትገልጥ ጀመር፤ በአራተኛው ላይ "ጅብ" የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ጣቷን ታስቀምጣለች። ማንበቧ አልነበረም፣ ግን ከማንበብ ብዙም አይርቅም። አንዱን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ማንበብ ለወላጅ መሰልቸት ነው፤ ለልጅ ግን በየዙሩ ሌላ ሥራ ነው። አዲስ መጽሐፍ በየሳምንቱ መግዛት የማይችል ቤተሰብ በዚህ የሚጎድልበት የለም።

የልጆች መጽሐፍ በአማርኛ ድሮ ከነጭራሹ ብርቅ ነበር። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ከትምህርት ቤት መማሪያ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው መሆኑን ተናግረዋል። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ከየቋንቋው የልጅ መጽሐፍ ሲመጣ የአማርኛ ግን የለም። ተመልሰው መጡና በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ደግሞ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ጭነው ወደየሰፈሩ ላኩ። ያን ጋሪ በፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም። የእኔ ትውልድ ግን የልጅነት መጽሐፉ አባባ ተስፋዬ ነበሩ፤ ገጽ የሌለው መጽሐፍ። ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ ፀሐይ የምትባለውን የቀጭኔ አሻንጉሊት አገኙ፣ ከእሷ ጋር ፊደል ቆጠሩ። ቴሌቪዥን ሁሉ ክፉ ነው የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ እነዚህን ሁለቱን አስታውሰዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ልጁን ብቻውን ስንተወው ነው፤ አባባ ተስፋዬን እኮ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ነበር የሚያያቸው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥተን አንድ ካፌ ገባን፤ ሻይ፣ ማኪያቶ፣ ሳምቡሳ። ምግብ ዝርዝሩን ለልጄ ሰጠኋትና "ሻይ የሚለውን ፈልጊ" አልኳት። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አገኘችው። አስተናጋጁ መጥቶ ሲጠይቃት በጣቷ ነካችለት። ማንበብ ዳቦ እንደሚያስገኝ ከዚህ በተሻለ የሚገለጽበት መንገድ አላውቅም፤ በዚህ ቀን ሳምቡሳ አስገኝቷል።

አምስት ኪሎ

እዚህ ያለው ትልቁ ነገር ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ሰው የሚመጣውም ድንቅነሽን ለማየት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ ዓለም ሉሲ የሚላት። ልጄ ለአጥንቱ ብዙም ግድ አልሰጣትም። "ትንሽ ናት" ብላ አለፈች። ስሟ ላይ ግን ቆመች፤ አሁን ሥራዋ እሱ ነውና።

ድንቅነሽ። ልጄ ሁለተኛውንና አራተኛውን ፊደል ስትገልጽ እናቴ ሳቀች። "አንድ ቤት ናቸው" አለች። ን እና ነ፤ ወንድምና እህት በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጨረሻውን ስትገልጽ ደግሞ "ኮፍያ አድርጓል" አለች ልጄ። እውነቷን ነው። ሰ ኮፍያ ሲያደርግ ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ ይሆናል፤ ነ ኘ ይሆናል፤ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ከ ኸ። ስድስት ቤት በአንድ ኮፍያ። ማንም አልነገራትም፤ አይታ ነው ያመጣችው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ ኮፍያ ስታድን ሄደች።

እናቴ ወንበር አግኝታ ተቀመጠችና ከየኔታ ዘንድ እንዴት እንደተማረች ነገረቻት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የምትላክ ጥቂት ናት፤ አባቷ ከወንድሞቿ ጋር አብረው ላኳት። መጠቆሚያው ስንደዶ ነበር። መጀመሪያ ሀሁ፣ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እስከ ዳዊት። ዳዊት ስትጨርስ ቤታቸው ዳቦ ተደፍቶ ለተማሪው ሁሉ ተቆረሰ። አቡጊዳ ምን እንደሆነ ልጄ ጠየቀች፤ እኔም በደንብ የገባኝ ያን ዕለት ነው። አ-ቡ-ጊ-ዳ-ሄ-ው-ዞ። ፊደሉን ከተለመደው ተራ አውጥቶ ቤቱንም ረድፉንም በየፊደሉ ይቀያይረዋል። አ ግዕዝ ነው፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ እንዲህ እያለ በሰያፍ ይወርዳል። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ሲደርስ ዜማው አይረዳውም፤ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀው ይቆማል። የእኔ ልጅ ያቃታትን ነገር አባቶች ያኔ አውቀውት መድኃኒቱን ከገበታው ላይ አትመውታል።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። አለንጋውንም እናቴ አልረሳችውም። ደግሞም ይህ ልማድ የአንድ እምነት ብቻ አይደለም፤ ደሴ ላይ የእናቴ እኩዮች ግማሾቹ በቁርአን ቤት የእንጨት ሎሃቸውን ይዘው ከሌላ ፊደል ጋር ይህንኑ ያህል ታግለዋል። ከሁለቱም ልንወስደው የሚገባው ትልቅ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ጣትን ከፊደል ላይ አኑሮ፣ ጮክ ብሎ ማንበብን ነው። ለዚህ ክፍያም አስጠኚም አያስፈልግም። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ሲሰለቸው መተው ነው፤ በስድስት ዓመቱ ፊደል ያስጠላው ልጅ በአሥር ዓመቱ ለማስታረቅ የሚፈጀውን ጊዜ ያየ ያውቀዋል።

ጽሕፈቱንም እንዲሁ። ጣቱ ያልጠና ልጅ በእርሳስ ሰባት መስመር ሀ እንዲጽፍ ሲታዘዝ የሚማረው ነገር ቢኖር እርሳስን መጥላት ነው። ሽሮ ስትነፉ በተረፈው ዱቄት ላይ በጣቱ ይጻፍ፤ ሊጡን ጠቅልሎ ቀለበት ይሥራ፤ ምስር ይልቀም። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በጣቱ የጻፈ ልጅ በእርሳስ የሚጽፍበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ስድስት ኪሎ

ዳገቱን በቀስታ ወጣን። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። ልጆች ይጠይቃሉ፤ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። እናቴ በአጭሩ "ብዙ ሰው በግፍ የተገደለበት ቀን ነው፣ እንዳይረሳ ነው የተጻፈው" አለቻት። ነገሩ የተጀመረው በ1929 ዓ.ም. ከአደባባዩ ፊት ለፊት ባለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው።

ለቤተሰብ ከከተማው ሙዚየሞች አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። የባህል ዕቃውን በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልደረደሩትም፤ በሰው ዕድሜ ነው። ልደት፣ ልጅነት፣ ጨዋታና ተረት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞት። ልጅ ከራሷ ዕድሜ ትጀምራለች፣ አያት ወደ ራሷ ዕድሜ ትሄዳለች። እናቴ የሚታየውን በልጄ አፍ እየሰማች፣ የሚታየው ምን እንደሆነ በራሷ አፍ እየነገረች ሄዱ። "ከእንጨት የተሠራ፣ መሐሉ ጎድጓዳ" ትላለች አንዷ፤ "ገበጣ ነው፣ ዛሬ ማታ አስተምርሻለሁ" ትላለች ሌላዋ። በተረቱ ክፍል አጠገብ እንቆቅልሽ ጀመሩ። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ!" ልጄ መልሱን ስታጣ አገር መስጠት አለባት፤ ደሴን ሰጠቻት። እናቴ ደሴን ተቀብላ አመሰገነች።

እንቆቅልሽ ጨዋታ ብቻ ይመስላል። አንድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በመልኩና በሥራው መግለጽ ግን ልጄ ጠዋቱን ሙሉ በፊደል ላይ ስታደርገው የዋለችው ነው። ቃሏ በአንድ ቀን ሲሰፋ ሰማሁት። ጠዋት "እንዲህ የሆነ" ትል የነበረችው ከሰዓት በኋላ "ወደ ቀኝ የታጠፈ"፣ "ከወገቡ የወጣ"፣ "እግሩ የተቆለመመ" ትላለች። ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት ብዙ ቃል ያላቸው ልጆች ማንበብ ሲጀምሩ ይቀናቸዋል፤ የሚያነቡት ቃል አስቀድሞ ጆሯቸው ውስጥ አለና። ቤት ውስጥ በሁለት ቋንቋ ግማሽ ግማሽ እያወራን ለምናሳድጋቸው ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አያት ከከተማ ውጭ ያለችላችሁ ስልክ ደውሉላትና ልጁን አስይዙት፤ ተረት በስልክም ይነገራል።

ከሕንፃው ውጭ ግቢው ውስጥ ጣሊያን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጆቹ ደረጃውን ይቁጠሩት፣ ቁጥሩን እኔ አልነግራችሁም። እናቴ ሥር ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ስለ ቀዶ ሕክምናው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። "ቢሳካም ባይሳካም" አለች፣ "እስከዚያ ይህችን ልጅ ከምስባክ ባላደርሳት ከሜክሲኮ አደርሳታለሁ።" ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው።

ወደ አደባባዩ ስንመለስ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሚኒባሶች ታፔላቸውን ከፊት አድርገው አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ልጄ ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ታፔላውን ታያለች። "ቀለበት እግሩ ላይ ያለው... ሜ" አለች። ይህን ጊዜ አያቷን አልጠየቀቻትም። "ክ..." ቆመች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። "ሲ።" ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ፣ ሁለት ሰው!" ይላል። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ገፋ ገፋ አደረጉን። ልጄ የመጨረሻው ፊደል ላይ ተጣብቃ በቀኝ ነው በግራ የሚያነክሰው እያለች እጇን ታያለች፣ የምትበላበትን።

ሚኒባሱ ሄደ።

"ይሂድ" አለች እናቴ። "ሌላ ይመጣል። አንቺ ጨርሺው።"